ዋንጫ ለማያመጣው ልጅ

ዛሬ የምንጨዋወተው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኳስ ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሎ ከቤት ስለሚወጣው ልጃችን ነው። «ይሄ ኳስ ምን ያመጣልሃል?» ብለን የማናውቅ ወላጆች ጥቂቶች ነን። በአሰላ ደግሞ ጥያቄው ይበረታል። እዚህ ስፖርት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ወርቅ ነውና። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደብተሩን ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ወደሚርቅ ትምህርት ቤት እየሮጠ ያደገው በዚሁ በአርሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ያሸነፈችው የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉም የዚሁ ደጋ ልጅ ናት። በእነርሱ ሚዛን ሲለካ የሰፈር ተጫዋች ጊዜውን በከንቱ የሚያባክን ይመስላል።

ይሁን እንጂ ስፖርት ሌላም ሚዛን አለው። እስቲ አንድ የሩቅ አገር ታሪክ እንመልከት። በስኮትላንድ ሜልሮዝ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1883 የከተማዋ የራግቢ ቡድን ገንዘብ አጠረው። ራግቢ የእንቁላል ቅርጽ ያለውን ኳስ በእጅም በእግርም የሚጫወቱበት፣ በአንድ ወገን 15 ሰው የሚሰለፍበት ጨዋታ ነው። ኔድ ሄግ የተባለ ሥጋ ሻጭ፣ በአንድ ቀን ብዙ ቡድኖች እንዲጋጠሙ በየወገኑ 7 ሰው ብቻ ይሰለፍ፣ ሰዓቱም ይጠር የሚል ሐሳብ አመጣ። ዋንጫውን ያበረከቱት የከተማዋ ሴቶች ነበሩ። ያ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2016 ኦሊምፒክ ገባ። መነሻው ግን የጎደለውን ኪስ አብሮ ለመሙላት የተነሣ የአንድ ከተማ ሕዝብ ነው።

የእኛም ወገኖች ተመሳሳይ ነገር አድርገዋል። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ1984 የስፖርት ፌዴሬሽን አቋቁመው በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ገደማ የእግር ኳስ ውድድር ያደርጋሉ። ቡድኖቹ ከየከተማው ይመጣሉ፤ አዘጋጁ ከተማም ይለዋወጣል። ታዲያ ከሚመጣው ሕዝብ ብዙው የውጤቱን ሰሌዳ ልብ የሚል አይደለም። አብሮ አደጉን ፈልጎ የሚመጣ አለ፤ ልጆቹ አማርኛና ኦሮምኛ ሲነገር እንዲሰሙ ይዟቸው የሚመጣም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በተፈጠረው መከፋፈል በዳላስና በዋሽንግተን ዲሲ ሁለት የተለያዩ ውድድሮች ሲካሄዱ ብዙዎች ያዘኑት ለዋንጫው አልነበረም። በዓመት አንዴ የሚገናኝ ወገን «አንተ የት ነህ? እኔ የት ነኝ?» መባባሉ ነው ያሳዘናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ውድድሩ ሲቀርም የጎደለው ይኸው መገናኘት ነበር።

ወላጆች ሆይ፣ ከዚህ ለቤታችን ምን እንውሰድ? በትንሽ ቡድን ውስጥ ትርፍ ሰው የለም። ሰባት ሆነው ሲሰለፉ አንዱ ከቀረ ሁሉም ይጎዳል። ስለዚህ ልጁ ቀጠሮ ማክበርን ከእኛ ተግሣጽ ይልቅ ከጓደኞቹ ፊት ይማራል። ዓመታዊ ጉዞ ያለው ቡድን ደግሞ ለትራንስፖርት ሳንቲም ያጠራቅማል፤ አንዱ ገንዘብ ይይዛል፣ ሌላው ማልያ ያጥባል፣ ያልተሰለፈውም ውሃ ያቀብላል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ልጅ ጫት ቤትና ፑል ቤት ለመዋል የሚተርፈው ጊዜ ትንሽ ነው።

በእርግጥ ገደብ ያስፈልጋል። የጥናት ሰዓቱና የእሑድ አምልኮው እንዳይነካ ቁጭ ብላችሁ ተስማሙ። ለጉዞው ማን ኃላፊ እንደሆነ፣ የት እንደሚያድሩ፣ መቼ እንደሚመለሱ ጠይቁ። መጠየቅ መከልከል አይደለም። ከሁሉም በላይ አንድ ቀን ሄዳችሁ ከሜዳው ዳር ቁሙ። እናትና አባቱ ሲያዩት ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅም ቀና ይላል።

ማታ ደክሞት፣ ጭቃ ለብሶ ሲገባ «አሸነፋችሁ?» ከማለታችሁ በፊት «ማን መጣ? ማን ቀረ? የቀረው ምን ሆኖ ነው?» በሉት። ስለ ጓደኛው የሚያስብ ልጅ ነገ ስለ ትዳሩና ስለ ጎረቤቱ ማሰብ አይከብደውም።