ስፌቱን ሳታዩ አትግዙ

አንዲት የሠራዊታችን አባል ባለቤት ጥያቄ ልከውልናል። ወንድማቸው በሐርጌሳ ከተማ፣ 26 ጁን በተባለው ሰፈር ተቀምጦ ይሠራል። (ስያሜው የቀድሞዋ የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ነፃ የወጣችበትን ሰኔ 19 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ጁን 26 ቀን 1960ን የሚያስታውስ ነው።) ለዚህ ሰው እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለሉ ስድስት ድንጋዮች ለሽያጭ ቀርበውለታል። ገዝቶ ለውጭ አገር ሰዎች ለመሸጥ በማሰብም፣ ባልና ሚስቱ ለልጆቻቸው ትምህርት ያጠራቀሙትን ገንዘብ እንዲልኩለት ጠይቋል። ወይዘሮዋ «ድንጋዩ እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል?» ይላሉ። ጥያቄው ገንዘቡ ከቤት ሳይወጣ መቅረቡ የሚያስመሰግናቸው ነው።

ድንጋዩ አሞናይት ይባላል። አሞናይት በጥንት ባሕር የኖረ፣ ሲያዩት ቀንድ አውጣ የሚመስል፣ በዝምድናው ግን ከኦክቶፐስ ወገን የሆነ እንስሳ ነበር። ዘሩ ከጠፋ 66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። ስሙም የበግ ቀንድ ካለው የግብፆች አምላክ ከአሞን የመጣ ነው። የባሕር እንስሳ በዚህ ደረቅ ምድር ምን ይሠራል የሚል ቢኖር፣ ጁራሲክ በተባለው ዘመን የአፍሪካ ቀንድ ሰፊ ክፍል በባሕር ተሸፍኖ ነበር። ከበርበራ በስተደቡብ የሚገኘው የቢሄንዱላ ንብርብር፣ በአገራችንም በመቀሌ አካባቢና በዓባይ ሸለቆ የሚታየው የአንታሎ በሃ ድንጋይ የዚያ ባሕር ወለል ናቸው። የሶማሌላንድ አሞናይቶች እ.ኤ.አ. በ1935 በማክፋድየን አዘጋጅነት በታተመ መጽሐፍ ተገልጸዋል። ስለዚህ ሐርጌሳ ላይ እውነተኛ አሞናይት ቢገኝ አያስደንቅም። አስመሳዩን ተአማኒ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ማስመሰል ዛሬ የተጀመረ ሥራ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ዊትቢ በተባለች የወደብ ከተማ፣ ቅድስት ሂልዳ እባቦችን ወደ ድንጋይ ለወጠች የሚል አፈ ታሪክ ስለነበረ፣ ጠራቢዎች በእውነተኛ አሞናይት ጫፍ ላይ የእባብ ራስ እየቀረጹ ይሸጡ ነበር። በዘመናችን ደግሞ በሞሮኮ ከተራ በሃ ድንጋይ ሙሉ አሞናይት የሚጠርቡ እጀ ብልሆች አሉ። ጥበባቸውን አንነቅፍም፤ የምንነቅፈው ጥርቡን የተፈጥሮ ነው ብሎ መሸጥን ነው።

እዚህ ላይ ስፌት የሚያውቁ እናቶች ከብዙ ነጋዴ ይልቃሉ። ሰፌድ ከመሐል ተጀምሮ ዙር በዙር ይሰፋል፤ ዙሩ ግን ከመሐል እስከ ጠርዝ ውፍረቱ ያው ነው። አሞናይት እንዲህ አይደለም። እንስሳው ባደገ ቁጥር ቤቱን ስለሚያሰፋ፣ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው እየወፈረ ይሄዳል፤ ጭማሪውም ሳይዘል ሳያጥር በሥርዓት ነው። መሐሉ ተድበስብሶ ውጭው ብቻ ያማረ፣ ወይም አንዱ ዙር በድንገት የሚቀጥን ከሆነ መሮ የገባበት ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። የጎን ሸንተረሮቹንም በጣት ዳስሱ። በብዙዎቹ የጁራሲክ አሞናይቶች ሸንተረሩ ወደ ጀርባው ሲቃረብ ለሁለት ወይም ከዚያ በላይ ይከፈላል። ሰነፍ ጠራቢ ግን ሁሉንም በአንድ ልክ ይሞርደዋል።

ዋናው ምልክት ግን ሌላ ነው። እንስሳው ይኖር የነበረው በመጨረሻው ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ከኋላው የተዋቸውን ክፍሎች በግድግዳ ይዘጋቸዋል። የግድግዳው ጠርዝ ከቅርፊቱ ጋር የሚገናኝበት መስመር እንደ ቅጠል ጠርዝ የተሸነሸነ ነው፤ ሊቃውንቱም ስፌት ይሉታል። ይህ መስመር ከጎን ተነሥቶ ጀርባውን ተሻግሮ ወደ ሌላው ጎን ያልፋል፤ ድንጋዩ ቢሰበርም ግድግዳው በውስጡ ይታያል። ጠራቢው ላዩን ሊጭር ይችላል፤ ውስጡን ግን ሊሠራው አይችልም። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ስፌቱ የሚታየው የላይኛው ቅርፊት በተላጠበት ቦታ ነው፤ እንስሳው በኖረበት በመጨረሻው ክፍልም አይኖርም። ስለሆነም ስፌት አለመታየቱ ብቻውን ድንጋዩን ሐሰተኛ አያሰኘውም፤ ዋጋውን ለመክፈል ግን አያስቸኩልም።

ሻጭ ሎሚ ጨምቆ አረፋ ቢያሳያችሁ አትደነቁ። ሎሚ በማንኛውም በሃ ድንጋይ ላይ አረፋ ያወጣል፤ የተጠረበውም በሃ ድንጋይ ነውና። በጥፍር የሚጫር ከሆነ ጀሶ ነው። ቀለል ብሎ እጅ ላይ የማይቀዘቅዝ፣ ዙሪያውን እንደ ፕላስቲክ ጆግ የመጋጠሚያ መስመር ያለበት፣ በአጉሊ መነጽር ሲታይም ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች የሞሉበት ከሆነ በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ ነው።

አስቸጋሪው ግማሽ እውነተኛው ነው። የውጭው ዙር የተፈጥሮ ሆኖ መሐሉ የተቀረጸ፣ ወይም የሁለት አሞናይት ስባሪ በሙጫ የተጋጠመ ይኖራል። በአሴቶን የራሰ ጥጥ በማይታይ ጥግ ላይ ቢታሸት ቀለሙ ይለቃል፤ ብዙ ሙጫዎችም በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ከድንጋዩ ተለይተው ያበራሉ። ተቆርጦ የተወለወለ ድንጋይ፣ ለምሳሌ ከማዳጋስካር የሚመጣው፣ መወልወሉ በግልጽ ከተነገረ ማታለል የለበትም።

ወንድምየው ከመግዛቱ በፊት የእያንዳንዱን ድንጋይ ሁለቱንም ጎን፣ ጀርባውንና የተሰበረውን ጠርዝ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይላክ። ከየትኛው ተራራ፣ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣም ሻጩን ይጠይቅ። የወጣበት ስፍራ ያልተመዘገበ አሞናይት፣ እውነተኛ ቢሆን እንኳ፣ ለጥናት የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ያነሰ ነው። እውነተኛ ሆኖ ከተገኘም ሌላ ጥያቄ ይከተላል። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። በሐርጌሳም ቢሆን ድንጋዩን ከዚያ ለማውጣት ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ መጠየቅ የሚገባው ከመግዛት በፊት ነው፤ ድንጋዩ ኬላ ላይ ከደረሰ በኋላ አይደለም።