ጠቢብ ስንል፣ ጠይብ ስንል

መቼም ጎረምሳ ልጅ ያለው ሰው ስለ ኦንላይን ጌም ሳይወድ በግዱ ይማራል። ሺዎች በኢንተርኔት ገብተው የሚዋጉበት፣ የሚነግዱበት ዓለም ነው። በዚያ ዓለም ጎራዴም ያረጃል። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ‹ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት› ተጫዋቹ በሞተ ቁጥር የታጠቀው ዕቃ ከጥንካሬው 10 በመቶ ያጣል፤ ዜሮ ከገባ ጥቅም የለውም። ስለዚህ ጠጋኝ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1997 በተጀመረው ‹አልቲማ ኦንላይን› ደግሞ ጀግና ነኝ ባዩ ሁሉ ጎራዴውን ይዞ አንጥረኝነትን የመረጠ ሌላ ተጫዋች ዘንድ ይሄዳል፤ አምኖ ያስረክበዋል፣ ከፍሎ፣ አመስግኖ ይመለሳል። ‹ፋይናል ፋንታሲ 14› የተባለውማ ስምንት የእጅ ሙያዎችን እንደ ጦረኝነቱ ሁሉ ተመርጠው የሚታደግባቸው አድርጓቸዋል። አንጥረኛ፣ ሸማኔ፣ ቆዳ ሠሪ አሉበት።

አንጥረኛ፣ ሸማኔ፣ ቆዳ ፋቂ! የእኛ አገር የስድብ መዝገብ አይመስልም?

«ጨዋታ ነው እኮ፣ ምን ያካብዳል?» የሚለኝ አይጠፋም። ግን እስቲ ወደ ቦንጋ እንውረድ። ካፋ ስለ ቡና መገኛነቱ ሲናገር ደረቱን ይነፋል፤ ቢነፋም ያምርበታል። የቡና ሙዚየም አለው፤ ጫካው እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። የቡናው ማሳ የሚመነጠርበትን ገጀራ ማን ቀጠቀጠው? ጀበናውንስ ማን አበጀው? በካፋ አንጥረኛው ቀሞ ይባላል። ገጀራው ሲዶለድም ሁሉም ደጁ ይሄዳል፤ እሱ ግን ወደ ሰው ደጅ ሲመጣ ከቤት ግባ፣ ከማዕድ ቅረብ የሚለው ጥቂት ነበር። ጋብቻማ አይታሰብም። ከሁሉ በታች የተደረጉት ማንጆዎች ናቸው። ጥንት በአደን ይኖሩ ነበር፤ ኋላ ከሰልና ማገዶ ለከተማው አቀረቡ። በከሰላቸው የፈላው ቡና ይጠጣል፤ እነሱ የጠጡበት ስኒ ግን ይጠላል። ይኼ ልማድ ላልቷል እንጂ አልሞተም።

ካፋን ነጥዬ እየወቀስኩ አይደለም። ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ስለ ተገለሉ ወገኖች የሚያወሳ መጽሐፍ ደቡቡን ሁሉ ያዳርሳል። ሰሜኑማ ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ ብሎ፣ ማታ ጅብ ይሆናል ብሎ፣ ጠዋት ማረሻውን ሊያሠራ የሚሄድ አገር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ማወጃቸው ያለ ነገር አይደለም። አዋጁ ተነበበ፣ ስድቡም ቀጠለ።

ቋንቋችንን ተመልከቱት። ጠቢብና ጠይብ ሥራቸው አንድ ነው። ግጥም የጻፈውን «የጥበብ ሰው» ብለን መድረክ እናወጣዋለን፤ የነጠላውን ጥለት ጥበብ ብለን እናደንቃለን፤ ብረት ያቀለጠውን ግን ጠይብ ብለን እንሸሸዋለን። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ በዚህ ይስቁ ነበር። ሳቁ ጥሩ ነበር፤ ሲጨርሱ ግን «እህትህን ለአንጥረኛ ትድራለህ?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ወደ ጌሙ ልመለስ። በነዚህ ጨዋታዎች ሁለት ዓይነት ጠጋኝ አለ። አንደኛው ያልኳችሁ፣ ስም ያለው፣ ሙያውን ያሳደገ ተጫዋች ነው። ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ራሱ መንደር ውስጥ የሚያቆመው ምስል ነው፤ ትነካዋለህ፣ ሳንቲም ትጥላለህ፣ ዕቃህ ይታደሳል፣ ፊቱን ሳታይ ትሄዳለህ። ማንም ምሳ በላህ ወይ አይለውም፤ ሆድ የለውማ! እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ ሆድ ያለውን፣ ልጆች ያሉትን ሰው እንደዚያ ምስል ደጃፍ ላይ አቆምነው።

«ዘመኑ ይፈታዋል፣ ትምህርት ይስፋፋ» ይሉኛል። የትኛው ትምህርት? የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶቻችን ብረታ ብረት ያስተምራሉ፤ ሕዝቡ ግን የሚያያቸው ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ልጅ መጣያ አድርጎ ነው። ሰርተፊኬት የያዘው በያጅ «ባለሙያ» ሲባል፣ ከአባቱ የተማረው ቀጥቃጭ አሁንም ጠይብ ነው። አንዱ ብየዳ ሌላው ወናፍ ስለያዘ ነው? አይደለም፤ የአንደኛው አባት ማን እንደሆነ ስላልጠየቅን ነው።

በስክሪን ላይ «ታላቅ አንጥረኛ» የሚል ማዕረግ ለማግኘት ሌሊቱን የሚያነጋ ልጅ ቤታችሁ ካለ አትቆጡት። ይልቅ ቅዳሜ ገበያ ይዛችሁት ውጡና ማጭድ ከሠራው ሰው ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላችሁ ቡና ጠጡ። ስኒውን ማን ቀድሞ እንደሚያነሳና ማን እንደሚያመነታ ልጁ ይታዘባችሁ።