ጠብቆ ከሚመታ ባላጋራ ጋር ስለ መጋጠም

በመሳለሚያ የሚኖሩ አንድ ነጋዴ አባት ቦክስ ስለሚማረው ልጃቸው ምክር ጠይቀውናል። ልጁ ብርቱና ደፋር ሆኖ ሳለ አንድ ባላጋራ ብቻ ደጋግሞ ያሸንፈዋል። ይህም ባላጋራ ከቶ ቀድሞ አይመታም፤ ልጁ ቡጢ እስኪሰነዝር ቆሞ ይጠብቃል፤ በሰነዘረም ጊዜ ራሱን ዘወር አድርጎ በተገለጠው በኩል ይመታዋል። አባትየውም «ግፋበት ልበለው ወይስ ጨዋታውን ልከልክለው?» ይላሉ። ነገሩ የብዙ ቤት ጉዳይ ስለ ሆነ መልሱን በዚህ ገጽ ማውጣት መልካም መስሎ ታየን።

አስቀድሞ የዚህን ባላጋራ ጠባይ ማወቅ ያሻል። እርሱ የሚያሸንፈው በሌላው ችኮላ ነው። ሰው ቡጢ በሰነዘረ ጊዜ ክንዱ ይዘረጋል፥ አገጩና ጎኑ ይገለጣል፥ የሰውነቱም ክብደት ወደ ፊት ያዘነብላል። ወደ ፊት ሲሄድ የሚያገኘው ቡጢም የራሱ ግፊት ስለሚጨመርበት ቆሞ ከሚቀበለው ይልቅ ይከብደዋል። ይህን የመሳለሚያ ሰው ከእህል በረንዳ ገበያ ያውቀዋል፤ ዋጋ ቀድሞ የጠራ የልቡን ገልጦአል፤ ዝም ብሎ የቆየው ግን ያንኑ ይዞ ይከራከረዋል። በጉግስም ዘንጉን ያለ ጊዜው የወረወረ ፈረሰኛ እጁ ባዶ ይቀራል፤ ጋሻውን አጥብቆ የጠበቀውም ተራውን ያገኛል።

በዓለም የታወቁ ቦክሰኞችም በዚሁ ወድቀዋል። ጆርጅ ፎርማን ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. በኪንሻሳ ከተማ ከመሐመድ አሊ ጋር ሲጋጠም፥ እስከዚያ ቀን 40 ጊዜ ተጋጥሞ አንድ ጊዜ ስንኳ ያልተሸነፈ፥ 37ቱንም በዝረራ ያሸነፈ ነበር። አሊ ግን ገመዱን ተደግፎ ራሱን በክንዱ እየሸፈነ አስመታው፤ በየመካከሉም መልስ ይሰጠው ነበር። ፎርማን በመምታት ብዛት በደከመ ጊዜ አሊ በ8ኛው ዙር መትቶ ጣለው። እንደዚሁም ኅዳር 29 ቀን 2005 ዓ.ም. ማኒ ፓኪያው ከሁዋን ማኑኤል ማርኬዝ ጋር በላስ ቬጋስ ለ4ኛ ጊዜ ተጋጠመ። በ5ኛው ዙር ማርኬዝን ጥሎት ነበርና፥ የ6ኛው ዙር ደወል ሊደወል ቅጽበት ያህል ሲቀር ለመምታት ዘሎ ገባ። ማርኬዝም ይህንኑ ሲጠብቅ ነበርና በቀኝ እጁ አግኝቶ በፊቱ ደፋው። ሁለቱም ተሸናፊዎች ጉልበት አላነሳቸውም፤ ያነሳቸው ትዕግሥት ነበር።

እንግዲህ ልጁ ምን ያድርግ? አንደኛ፥ ሙሉ ቡጢ ከመሰንዘሩ በፊት በትከሻው ወይም በግራ እጁ የሚመታ መስሎ ይታይ። ባላጋራው ተታልሎ መልሱን ባወጣ ጊዜ ገታ ብሎ ያሳልፈው፤ ከዚያም በተራው ይምታ። ያን ጊዜ ጠባቂው ቀዳሚ፥ ቀዳሚው ጠባቂ ይሆናል። ሁለተኛ፥ ሁልጊዜ በአንድ አኳኋንና በአንድ ፍጥነት አይግባ፤ ጠብቆ የሚመታ ሰው የሌላውን ልማድ ካጠና በኋላ ነውና የሚመታው። ሦስተኛ፥ ከመታ በኋላ በነበረበት አይቆይ፤ ወደ ጎን ይውጣ፤ ያልመታበትም እጁ ከአገጩ አይራቅ። አራተኛ፥ ራስ ቶሎ ዘወር ይላል፤ ሆድና ጎን ግን እንደ ራስ ቶሎ ስለማይሸሹ ወደዚያም ይምታ።

አምስተኛ፥ መጠበቅን እርሱም ይማር። በኦሊምፒክ ውድድር ግጥሚያው 3 ዙር፥ ዙሩም 3 ደቂቃ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዙር በቀላል የግራ ቡጢ ነጥብ የያዘ ሰው ከዚያ በኋላ መቸኮል የለበትም፤ የተበለጠው ጠባቂ ሳይወድ በግድ ራሱ ይመጣለታልና።

ለአባትየው ደግሞ የምንለው ይህ ነው። ከገመዱ ውጭ ሆኖ «ግፋ! በለው!» እያለ የሚጮኽ ዘመድ ሳያውቀው የባላጋራውን ሥራ ይሠራል። ጠብቆ የሚመታው የሚፈልገው የልጁን ንዴት ነውና። ልጁም ገታ ብሎ ባየ ጊዜ «ፈሪ» አይባል፤ በዚህ ስድብ ተነድቶ የገባ ልጅ የሚቀበለው በራስ ቅሉ ነው። በቡጢ ተመትቶ የወደቀም እንደሆነ ለሐኪም ይታይ። የውድድሩም ደንብ በራሱ ተመትቶ የተዘረረ ሰው ከ30 ቀን ያላነሰ እንዲያርፍ ያዛልና፥ ጓንቱን በማግሥቱ እንዲያጠልቅ ማንም አያስገድደው።

ጨዋታውን መከልከል የሚገባው ልጁ ስለ ተሸነፈ አይደለም፤ የራስ ምታቱን ወይም የዓይኑን መፍዘዝ ከቤተ ሰቡ መደበቅ የጀመረ እንደሆነ ነው። ሕመሙን የሚደብቀውም ብዙ ጊዜ የአባቱን ቃል ፈርቶ ነው። ስለዚህ አባትየው ከግጥሚያ ሲመለስ አስቀድመው «አሸነፍህን?» ብለው አይጠይቁት፤ «እንዴት ነህ ልጄ? የሚያምህ አለን?» ይበሉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፥ ትዕግሥትን በቤቱ ያገኘ ልጅ በግጥሚያው ስፍራ አያጣትም።