ከተማን በእግር ስለ ማወቅ

ከዲክሲስ ወደ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ልጅ በጓደኞቹ መካከል ይከበራል። «አዲስ አበባን አየሁ» ይላል፤ የሚሰሙትም ያደንቁታል። ነገር ግን ምን እንዳየ ደኅና አድርገው የጠየቁት እንደ ሆነ፥ ያየው የአውቶቡስ መናኸሪያውን፥ የታክሲውን መስኮትና የአጎቱን ግቢ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ይህ ልጅ ዋሽቷል አይባልም፤ በእርግጥ ከከተማይቱ ገብቶ ነበርና። የአርሲ ስንዴም በጆንያ ተጭኖ በየጊዜው አዲስ አበባ ይገባል፤ ስንዴው ግን አዲስ አበባን አወቀ አይባልም።

ለዲክሲስ ልጅ መራመድ አዲስ ነገር አይደለም። ወደ ትምህርት ቤት፥ ወደ ገበያ፥ ወደ ወፍጮ ቤት በእግሩ ይሄዳል፤ መንገዱንም የሚያውቀው በዛፉ፥ በወንዙ መሻገሪያ፥ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ ነው። በአሰላ አጠገብ የተወለደው ሯጭ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደ ነበረ የማያውቅ የለም። ታዲያ እንዲህ ያለ እግር ያለው አገር ልጅ ከተማ በደረሰ ጊዜ፥ ጥቂት እርምጃ ለመሄድ ታክሲ የሚጠብቀው ስለ ምን ነው? ደክሞት አይደለም፤ ፈርቶ ነው። መጥፋትን ይፈራል፤ ቢጠይቅም የገጠር ልጅ ተብሎ እንዳይሣቅበት ይፈራል።

ለዚህ ፍርሃት መድኃኒቱ አንዲት ወረቀት ናት። ከየት እንደሚጀመር፥ በየት እንደሚታጠፍ፥ በየስፍራውም ምን እንደሚታይ አስቀድሞ ይጻፍባታል፤ ሰውም እርሷን እያነበበ ያለ መሪ ይራመዳል። በዓለም ትልልቅ ከተሞች ይህ የታወቀ ልማድ ነው። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ እንዲያውም ማንበብ ለሰነፈ ሰው አዝነውለታል፤ ወደ 4 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቀይ መስመር በመሬት ላይ ስለ ተሠመረ፥ እንግዳው እርሱን ተከትሎ ከአንዱ የታሪክ ስፍራ ወደ ሌላው ይደርሳል። የዲክሲስ ልጅ ግን መስመሩን በእጁ ይያዝ።

ወረቀቲቱንም ከታላላቆቹ ጠይቆ ራሱ ቢጽፋት ይሻላል። የእንግዳ ሰው ወረቀት በጎዳና ስም ይመራል፤ የአዲስ አበባ ሰው ግን «ከድልድዩ በታች፥ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፥ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት» ብሎ መናገር ይወዳል። ይህም ከከተማይቱ አመጣጥ ነው። በ1879 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ዘመን አዲስ አበባ ስትቆረቆር፥ መኳንንቱ በየተሰጣቸው ቦታ ከነጭፍራቸው ሰፈሩ፤ መንደሩም እስከ ዛሬ «ሰፈር» ይባላል። መንገዱ ከሰፈር ወደ ሰፈር እየተጠማዘዘ ወጣ እንጂ በገመድ አልተለካም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ልጅ ከለገሃር ቢጀምር መልካም ነው። ከዚያ ወደ ላይ የሚወጣው የቸርችል ጎዳና ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ማንንም አያሳስትም፤ እስከ ማዘጋጃ ቤቱም ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ለገሃር የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የባቡር ጣቢያ ነው፤ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር። በጣቢያው ፊት የአንበሳ ሐውልት ቆሟል። ይህ አንበሳ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ሮማ ተወሰደ፤ ከብዙ ዓመትም በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ። ጥቂት ከፍ ሲሉ በብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ሌላ አንበሳ ይገኛል፤ ይህኛው ከድንጋይ የተሠራ ነው። በታክሲ ያለፈ ሰው ሁለቱን አንበሶች አንድ አድርጎ ያወራል።

በስተላይ በ1977 ዓ.ም. የተመረቀው የትግላችን ሐውልት ረጅም ዓምድ ይታያል። በቴዎድሮስ አደባባይ ደግሞ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ተቀምጧል፤ እውነተኛው መድፍ በመቅደላ ነው። ከዚህ በኋላ መንገዱ ዳገት ይሆናል። ልጁ ቆም ብሎ ወደ ኋላው ቢመለከት፥ የመጣበት ጎዳና ወደ ለገሃር ቁልቁል ተዘርግቶ ያየዋል። በመኪና የወጣ ሰው ከተማይቱ በተራራ ግርጌ እንደ ተሠራች አያስተውልም፤ ጉልበቱ አልነገረውምና። ከዳገቱ ራስ ላይ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት፥ በፈረስ ላይ የተቀመጠው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልትና ስምንት ማዕዘን ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛሉ። የምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ጣሊያኖች አፈረሱት፤ ከነጻነት በኋላ ደግሞ ተመልሶ ቆመ።

«ልጅን ያለ መሪ በከተማ መልቀቅ ለሌባና ለመኪና መስጠት ነው» የሚሉ ወላጆች አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ትንንሾች ከታላቅ ወንድም ወይም ከአክስት ጋራ በጧት ይሂዱ፤ መንገድ ሲሻገሩም ግራና ቀኝ ይመልከቱ። ነገር ግን ታላቁ ሰው ከኋላ ይከተል እንጂ ከፊት አይቅደም፤ ወረቀቲቱን የሚይዘውና የሚያነበው ልጁ ይሁን። ሲመሩት የሚሄድ ሰው የሚያየው የመሪውን ጀርባ ነው።

ደግሞም ወረቀት ያረጃል። ከ2005 ዓ.ም. እስከ 2008 ዓ.ም. የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለቀላል ባቡር ሥራ ተነሥቶ ነበር፤ በዚያ ጊዜ አሮጌ ወረቀት ይዞ የመጣ እንግዳ ባዶ ስፍራ አገኘ። ከለገሃርም ዛሬ የጅቡቲ ባቡር አይነሣም፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ጣቢያው በከተማው ዳር ነው። በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ። መፍረስ ይገባቸው ነበር ወይስ አይገባቸውም የሚለውን ትልልቆቹ ይከራከሩበት። የልጁ ሥራ ሌላ ነው። ቤት ሲፈርስ ስሙ ለጥቂት ዘመን በሰው አፍ ይቆያል፤ ያ ሰው ሲሞት ግን ማን ይናገረዋል? ስለዚህ ልጁ በወረቀቱ ያለውን በስፍራው ባጣ ጊዜ ተናዶ አይመለስ። በአቅራቢያው ወደ ተቀመጡ ሽማግሌ ቀርቦ እጅ ነሥቶ፥ «አባቴ፥ እዚህ ምን ነበረ?» ብሎ ይጠይቃቸው። የእጅ ስልክም መንገድ ያሳያል፤ ነገር ግን ስልክ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ይላል እንጂ፥ «ልጄ፥ እዚህ የአባቴ ሱቅ ነበረ» አይልም።

ወረቀቲቱ ከዲክሲስ ስትነሣ ንጹሕ ነበረች። ስትመለስ ግን ግማሿ ተሰርዟል፤ በዳሯም በእርሳስ፥ «ይህ ቤት የለም፤ ማዶ የተቀመጡትን ጫማ ሰፊ ጠይቃቸው፥ ይነግሩሃል» ተብሎ ተጽፎባታል። በሚመጣው ክረምት ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ልጅ ይህችን ወረቀት ይዞ ይነሣል።