ጠዋት ፀሐይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ዝናብ፤ የጅማ ሰማይና የደጋፊው ስልክ

ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቡድኑን ሊደግፍ ጅማ የገባ ደጋፊ፣ ጠዋት ቡናውን ሲጠጣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ስልኩን ያወጣል። ከዳመናው ምስል ሥር ‹‹40 በመቶ›› የሚል ተጽፏል። ‹‹ከግማሽ በታች ነው፣ አይዘንብም›› ይልና ጃንጥላውን ያደረበት ክፍል ጥሎ ወደ ስታዲየም ይሄዳል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨዋታው ሲጀመር ግን ከኮረብታው ጀርባ ጥቁር ዳመና ብቅ ብሏል። ከእረፍት መልስ ኳሱ ተመትቶ ያረፈበት ኩሬ ውስጥ ይቀራል። ማታ ስድቡ ሁሉ የሚወርደው ትንበያው ላይ ነው። ትንበያው እኮ አልተሳሳተም፤ ያነበበው ሰው ነው የተሳሳተው።

40 በመቶ ማለት የቀኑ 40 በመቶ ይዘንባል ማለት አይደለም። ካፊያ ነው ማለትም አይደለም። እንደዚያ ዓይነት አሥር ቀናት ቢኖሩ፣ በአራቱ ያ ቦታ ዝናብ ያገኛል እንደማለት ነው። ከአሥር ፍፁም ቅጣት ምት አራቱን የሚስት ተጫዋች ካለ፣ ደጋፊው እሱ ኳሷን ሲያስቀምጥ ተረጋግቶ ይቀመጣል? አይቀመጥም። ዝናብ ላይ ሲሆን ግን በ40 በመቶ ይተማመናል።

ከመቶኛው ይልቅ መታየት ያለበት ሚሊ ሜትሩ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። 105 በ68 የሆነ ሜዳ 7,140 ካሬ ሜትር ይሰፋል። ስለዚህ ‹‹20 ሚሊ ሜትር›› የምትለው ትንሽ ቁጥር ሜዳው ላይ 142,800 ሊትር ውኃ ታወርዳለች። አሥር ሺህ ሊትር የሚይዙ አሥራ አራት ቦቴዎች መጥተው ሜዳ ላይ እንደ መድፋት ነው። ይህ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ቢወርድ ሣሩ ይችለዋል። በአንድ ሰዓት ሲወርድ ግን ኳስ መሬት ይዞ በአጭር ቅብብል የሚጫወተው ቡድን አለቀለት፤ ረጅም ኳስ የሚልክ፣ በጉልበት የሚጋፋ ቡድን ያሸንፋል። አሰልጣኝ አሰላለፍ ከማውጣቱ በፊት ይህችን ቁጥር ቢያያት አይከስርም።

ሌላው ችግር ቦታውና ሰዓቱ ነው። በነፃ የሚገኙት የስልክ ትንበያዎች አብዛኞቹ የሚመጡት ዓለምን በሙሉ በካሬ ከፋፍሎ ከሚያሰላ ኮምፒዩተር ነው። አንዱ ካሬ በብዙ ኪሎ ሜትር የሚለካ ስለሆነ ኮረብታውም፣ ሸለቆውም፣ ከተማውም አንድ ላይ ይጨፈለቃሉ። የከሰዓቱ የጅማ ዝናብ ደግሞ አንዱን ሰፈር አርሶ ሌላውን ሊያልፍ ይችላል። ሰዓቱማ ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ስልኩ ላይ ‹‹09:00 ፀሐይ›› የሚለውን አይቶ ጨዋታው በፀሐይ ነው ብሎ የደመደመ ደጋፊ፣ ያየው የጠዋቱን ሦስት ሰዓት ነው። ዘጠኝ ሰዓት የሚባለው ስልኩ ላይ 15:00 ነው። ጅማ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሸሚዝና የካፖርት ልዩነት ነው፤ ጠዋት የሞቀው መሬት እርጥቡን አየር ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ከሰዓት በኋላ ዳመና ሆኖ ይመለሳል።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያ ሲያወጣ ‹‹ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች›› ይላል። ይህ ለአንድ ሰፊ አካባቢና ለአራት ወር የሚነገር ነው፤ ስለ እሁዱ ጨዋታ የሚለው ነገር የለም። በዚያ ላይ የጅማ መደበኛ የሌላው አገር መደበኛ አይደለም። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚዘንብበት፣ ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ ዘግይቶ የሚወጣበት ደቡብ ምዕራብ ነው። ‹‹ከመደበኛ በታች›› ተብሎ እንኳ እስከ ቁርጭምጭሚት ሊያሰምጥ ይችላል።

በአውሮፓ በበረዶ ላይ ለመንሸራተት ወደ ተራራ የሚሄዱ ሰዎች ትንበያ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ‹‹ለስንት ሜትር ከፍታ ነው?›› ብለው ነው። ሥር ካለው መንደር ዝናብ ሲሆን አናቱ ላይ በረዶ ነውና። በ2006 እ.ኤ.አ. በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም የሚኖረው በዚህ ስሌት ነበር። አየሩ በየሺህ ሜትሩ ወደ ስድስት ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛል። የጅማም መንገድ ያው ነው፤ ጊቤ በረሃ ላይ 1,100 ሜትር ገደማ ወርዶ በላብ የተጠመቀ ደጋፊ፣ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ጅማ ሲወጣ ሹራብ ይፈልጋል።

ትንበያን ችላ ማለት ትልልቆቹንም አዋርዷል። በጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. ዋርሶ ላይ ፖላንድና እንግሊዝ ሊጫወቱ ሲሉ ዝናቡ ሜዳውን ሐይቅ አደረገው። ስታዲየሙ የሚዘጋ ጣሪያ ነበረው፤ ግን ክፍት ተትቷል፣ ከባድ ዝናብ ከጀመረ በኋላ ደግሞ መዝጋት አይቻልም። ጨዋታው በማግስቱ ተካሂዶ 1 ለ 1 አለቀ። በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. ኢስታንቡል ላይ በረዶ ያቋረጠው የጋላታሳራይና የጁቬንቱስ ጨዋታ በማግስቱ ሲቀጥል፣ ስናይደር በ85ኛው ደቂቃ አግብቶ ጁቬን ከቻምፒየንስ ሊግ አስወጣው። ያን ቀን የነበረውን ሜዳ ያየ ሰው ያስታውሰዋል።

እዚህ ቤት ጉዳዩ የፕሮግራም አውጪዎችም ነው። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር በአሰልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ እየተመራ፣ በኦኪኪ አፎላቢ 23 ጎሎች ታግዞ ባደገበት ዓመት ዋንጫ ሲያነሳ ሊጉ ተጓትቶ ክረምት ውስጥ ገብቶ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ግን ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ተራ ጥር ላይ ዋለ። ታስቦበትም ይሁን በአጋጣሚ፣ ትክክለኛው ወር ነው። ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ድረስ ያለው ጊዜ ለጅማ የኳስ ጊዜ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ወሳኝ ጨዋታ እዚያ መመደብ ቡድኖችን ለዕጣ መዳረግ ነው።

ይህን ለማወቅ ኮምፒዩተር የማያስፈልጋቸው ሰዎች አጋሮ አሉ። ቡናቸው በአልጋ ላይ ተሰጥቶ በሚደርቅባቸው ወራት አንድ ያልታሰበ ዝናብ ጥራቱን ያበላሽባቸዋል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ዓይናቸው ሰማይ ላይ ነው። ከአጋሮ ወደ ጅማ ለጨዋታ የሚሳፈር ደጋፊ በመስኮት አንድ ነገር ቢያይ ይበቃዋል። አልጋዎቹ በላስቲክ መሸፈን ከጀመሩ ጃንጥላውን ይያዝ።