አማካይ ቁጥር ፓምፕ አያስነሳም

የቢትኮይን ማይኒንግና የመብራት ነገር በተነሳ ቁጥር ፌስቡክ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ዶላር እያመጣ ነው፣ ተዉት» ይላል። ሌላው «እኛ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለን ለማሽን መብራት!» ይላል። እኔ የቆቦ ልጅ ነኝ፤ እንጀራዬ ደግሞ የማይኒንግ ማሽኖችን በስክሪን መከታተል ነው። እስቲ ሁለቱም ወገን የዘለሉትን ነገር ላንሳ።

መጀመሪያ ሐቁን እናስቀምጥ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከማይነሮች ጋር የኃይል ሽያጭ ውል ገብቷል። በ2016 ዓ.ም. 21 ኩባንያዎች ውል እንደነበራቸው፣ 19ኙም የቻይና እንደሆኑ ተዘግቦ ነበር። እነዚህ ሳይቶች ኃይል የሚወስዱት ከማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። ስለዚህ ነገ ጠዋት ሁሉም ቢዘጉ፣ ቆቦ ያለ የመስኖ ጉድጓድ በዚያው ቀን መብራት አያገኝም። ከጣቢያው እስከ ጉድጓዱ ያለው ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ኃላፊነቱም የሌላ ተቋም፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው።

እኔን የሚከነክነኝ የክትትሉ ልዩነት ነው።

እኛ ዳሽቦርድ ላይ እያንዳንዱ ማሽን ስም አለው፦ ኮንቴይነሩ፣ ረድፉ፣ ቦታው። 1,000 ማሽን በ10 ኮንቴይነር አለ እንበል። ከላይ ያለው ትልቁ ቁጥር «90 በመቶ እየሰራ ነው» ይላል። አለቃ አይቶ ደስ ሊለው ይችላል። እኔ ግን «የጠፉትን ብቻ» ብዬ አጣራለሁ፤ 100 ማሽን ይወጣል። ከዚያ በኮንቴይነር እመድባቸዋለሁ። መቶዎቹም አንድ ኮንቴይነር ውስጥ ከሆኑ ብሬከር ወርዷል ወይም የኔትወርክ ስዊች ሞቷል፤ አንድ ሰው ልኬ አስነሳለሁ። በየኮንቴይነሩ አስር አስር ከሆኑ ግን በሽታው ሌላ ነው፦ አቧራ፣ ሙቀት፣ ያረጀ ፋን። ቁጥሩ ያው 90 ነው፤ መድኃኒቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

አሁን ወደ ራያ ቆላ እንውረድ። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የተቆፈሩት የመስኖ ጉድጓዶች የተስፋ መሠረት ናቸው። ዝናቡ እንደማይታመን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሽንኩርት ደግሞ ሥሩ አጭር ነው፤ ውሃ ሲዘገይበት አይታገሥም። ፓምፑ በኤሌክትሪክ የሚሠራበት ገበሬ መብራት ጠፋ ማለት ውሃ ጠፋ ማለት ነው።

የመብራት መቆራረጥ በዓለም ላይ የሚለካው በአብዛኛው «ሳይዲ» በሚባል መለኪያ ነው። ደንበኞች መብራት ያጡበት ሰዓት ሁሉ ተደምሮ ለጠቅላላ ደንበኛ ቁጥር ይካፈላል። መለኪያው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንድ ቆጣሪ አንድ ደንበኛ ነው። ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ሱቅ አንድ ደንበኛ ነው። አርባ አባወራ የሚያጠጣ አንድ ጉድጓድም አንድ ደንበኛ ነው! ጉድጓዱ ሳምንት ሙሉ ቢቆም አማካዩ ላይ ከሱቁ የበለጠ ክብደት የለውም። አርባው ቤት ከቁጥሩ ውስጥ ጠፋ ማለት ነው።

«መስመሩን ጦርነት አፈራርሶት፣ ምሰሶ ሳይኖር ዳታ ምን ይሠራል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም የምለው ዕቃ ሲያጥር ነው ዳታ የሚያስፈልገው። ሁለት ትራንስፎርመር ቢመጣና አምስት ቦታ ቢፈለግ፣ ማን ይቅደም? በዝርዝር ካልተወሰነ በዘመድና በጩኸት ይወሰናል። ጩኸት ደግሞ የሚሰማው ከመንገድ ዳር ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የመቆራረጥ ቁጥር በመስመርና በወር ተለይቶ ለሕዝብ ይውጣ። ሁለተኛ፣ የመስኖ ፓምፖች ለብቻቸው ተመድበው፣ የሚያጠጡት አባወራ ብዛት አብሮ ይቆጠር። ሦስተኛ፣ በሰዓት ይለይ፤ ሌሊት አምስት ሰዓት መጥፋትና ተክሉ ተራ በደረሰበት ጠዋት አምስት ሰዓት መጥፋት አንድ አይደለም።

የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁላችንም ኮርተናል፤ 5,150 ሜጋዋት ቀላል አይደለም። ገንዘባችንን ያዋጣነውም በየቀበሌያችን ነው። ሪፖርቱም በየቀበሌያችን ይድረሰን።

እስከዚያው ግን ዝም ብለን አንጠብቅ። ቆቦ፣ ሮቢት፣ ጎብዬ፣ ዋጃ ያላችሁ የመስኖ ማኅበራት፣ አንድ ደብተር ግዙና አራት ዓምድ አስምሩ፦ ቀን፣ የጠፋበት ሰዓት፣ የመጣበት ሰዓት፣ የጉድጓዱ ቁጥር። ሦስት ወር ያዙት። ኮምፒውተር ላይ አስገብቶ፣ አጣርቶና መድቦ በአንድ ገጽ ማውጣቱን ለእኔ ተዉት፤ በነጻ እሠራዋለሁ። ገጹን ይዛችሁ ቢሮ ስትገቡ «መብራት ያስቸግረናል» አትሉም፤ የትኛው ጉድጓድ፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ሰዓት እንደቆመ ታሳያላችሁ።