«ከዘር ነው» ብለን እንተወው?



ባለፈው ዓመት የአንድ ወንድማችን አባት በድንገተኛ የልብ ሕመም ወደ አኼራ ሄዱ። ለተዕዚያ በአንኮበር አድርገን ወደ አሊዩ አምባ ወረድን። እዚያ አንድ ሽማግሌ «ታላቅ ወንድማቸውም እንዲሁ ነው የሄዱት፤ ከዘር ነው» አሉ። ወንድማችን ይህቺን ቃል ይዞ ተመለሰ። ስለ ምግቡ ስንመክረው «ቀደር ነው፤ እኔም ከዚያው ዘር ነኝ» ይለናል።

ዘር ድርሻ እንዳለው አንክድም። ኮሌስትሮልን ከደም የሚያስወግደው ጂን ተበላሽቶ የሚወለዱ ሰዎች አሉ። ለእነዚህ ምግብ ማስተካከል ብቻውን አይበቃም፤ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ አባቱ ወይም ወንድሙ ከ55 ዓመት በፊት፣ እናቱ ወይም እህቱ ከ65 ዓመት በፊት በልብ ሕመም የተጠቃበት ሰው ኮሌስትሮሉንና የደም ግፊቱን ይመርመር።

ለብዙዎቻችን ግን ጂን ብቻውን አይፈርድም። ምህንድስና የምንማር ሰዎች ምሰሶ ስናሰላ ሁለት ነገር እንጠይቃለን፤ ምሰሶው ምን ያህል ይችላል? ምን ያህልስ ይጫንበታል? ደከም ያለው ምሰሶ ጭነቱ ከቀለለለት ይቆማል፤ ጠንካራውም ከልክ በላይ ከተጫነ ይሰነጠቃል። ጂን ምሰሶው ነው፤ ምግባችን ጭነቱ።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ ከተለያዩ ሕዝቦች የተውጣጡ ከ8,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት በ9ኛው ክሮሞዞም ላይ ለልብ ሕመም የሚያጋልጠውን የጂን ዓይነት ተመለከተ። አትክልትና ፍራፍሬ እምብዛም በማይበሉት ላይ አደጋው ጎልቶ ታየ። አብዝተው በሚበሉት ላይ ግን ጂኑ ከሌላቸው ሰዎች ብዙም አልራቀም። በ2016 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ ከ55,000 በላይ ሰዎችን አጥንቶ፣ በዘር ተጋላጭነታቸው ከፍተኛ ከሆኑት መካከል ጤናማ አኗኗር የያዙት አደጋቸው በግማሽ ገደማ ዝቅ ብሎ አግኝቷል።

ከአገራችን ልጆችም ምሳሌ አለ። ቤተ እስራኤላውያን በብዛት ወደ እስራኤል የሄዱት እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ነው። ከሄዱ በኋላ ግን ክብደታቸውም የደም ግፊታቸውም ከፍ እያለ እንደሄደ ጥናቶች አሳይተዋል። በጥቂት ዓመታት ጂናቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ገበታቸውና ኑሯቸው ነው።

እኛስ? እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት አንድ ኢትዮጵያዊ በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው ይመገባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ከ100 ሰዎች 98ቱ ገደማም በቂ አትክልትና ፍራፍሬ አይበሉም። በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ የፓልም ዘይት ጠዋት ጠዋት በጄሪካኑ ውስጥ ረግቶ ሁላችንም እናያለን። ግማሽ ያህሉ በደም ውስጥ መጥፎውን ኮሌስትሮል የሚጨምር የቅባት ዓይነት ነው። በየረመዷኑ ሳምቡሳችን የሚጠበሰው በዚሁ፣ ያውም ተደጋግሞ በፈላ ዘይት ነው።

ሐላል መሆኑን እንጠይቃለን፤ ጠይብ መሆኑንስ?

ስለዚህ ለጀመዓችን የኢፍጧር ኮሚቴ ይህን እናቀርባለን። ሳምቡሳው ጨርሶ ይቅር አንልም፤ ለጁሙዓ ይሁን፣ በአዲስ ዘይት ይጠበስ። በሌሎቹ ቀናት አካባቢያችን የታወቀበት ገብስ በሾርባ ይቅረብ፤ በገብስ ውስጥ ያለው የሚሟሟ አሰር ኮሌስትሮል እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ጨው ይቀነስ፣ ከቴምሩ ጎን ጥቂት ሰላጣ ይኑር። ከሳምቡሳው የሚተርፈው ገንዘብ ለጎመንና ለቲማቲም ይውላል።

መድረሳ ሳለን ኡስታዞቻችን ተወኩል ማለት ሰበብ አድርሶ በአላህ መመካት እንደሆነ አስተምረውናል። ግመሏን ሳያስር «ቀደር ነው» ያለ ሰው ትምህርቱን ግማሽ ላይ አቋርጧል። ወንድማችንም ሰሞኑን ከእኛ ጋር ሄዶ ሊመረመር ቃል ገብቷል፤ አልሐምዱሊላህ። አካላችን አማና ነው፤ የወረስነውን ጂን ባንመርጥም ነገ ማታ የምንበላውን እንመርጣለን። ለአባቱ አላህ ይዘንላቸው።